ኢሜይል መግባት ሲያቆም፦ በራሳችን ሰርቨር ላይ መልእክቱ የት ላይ እንደቀረ ማግኘት

ኢሜይል መላክ ሲያቅት ቢሮው በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል፤ ስህተቱ የላከው ሰው ስክሪን ላይ ይመጣልና። መቀበል ሲያቅት ግን የሚያውቅ የለም። ሳጥኑ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ሳጥን ደግሞ ሥራ የቀዘቀዘበትን ቀን ይመስላል። ስህተቱን የሚያየው ላኪው ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ነው ያለው። እኔ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የኢሜይል ሰርቨር እከታተላለሁ። ሰርቨሩ የሚገኘው በድርጅቱ ቢሮ፣ ከሒሳብ ክፍሉ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከውጭ ገዢዎች የሚመጣው የናሙና ቅምሻ ውጤት፣ የውል ረቂቅና የጭነት መመሪያ በሙሉ በዚህ ማሽን በኩል ስለሚያልፍ፣ አንድ መልእክት በጊዜው አለመግባቱ ጭነት ሊያዘገይ፣ አልፎም ገዢ ሊያሳጣ ይችላል።

የሚከተለው መመሪያ ሊኑክስ ላይ ፖስትፊክስንና ዶቭኮትን ለሚጠቀሙ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ሌላ ሶፍትዌር ለሚጠቀሙም የፍለጋው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ፖስትፊክስ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ፖርት 25 በሚባለው የመገናኛ በር ይቀበላል፤ ዶቭኮት ደግሞ መልእክቱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ለተጠቃሚው ስልክና ኮምፒውተር ያቀርባል። የፍለጋው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ መልእክቱ የት ድረስ መጥቶ ቀረ? በራችንን ጭራሽ ሳያንኳኳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አንኳኩቶ እኛው ራሳችን መልሰነው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከገባ በኋላ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይለይ ቅንብር መነካካት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

ከሁሉ በፊት መልእክት እንዳይጠፋ ማድረግ

ኤስኤምቲፒ የሚባለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ተቀባዩ ሰርቨር ለላኪው የሚሰጠው መልስ ሁሉ በሦስት አኃዝ ቁጥር እንዲጀምር ያዛል። በ2 የሚጀምር መልስ ተቀብያለሁ ማለት ነው። በ4 የሚጀምረው «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ሲሆን፣ በ5 የሚጀምረው ደግሞ «አልቀበልም፣ አትመለስ» ማለት ነው። በ4 የተመለሰ መልእክት፣ ወይም ሰርቨራችን ጠፍቶ ምንም መልስ ያላገኘ መልእክት፣ በላኪው ሰርቨር ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ በየጊዜው ይሞከራል። ደንቡ ላኪው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ካልተቀየረ በስተቀር 5 ቀን ይሞክራል። ስለዚህ መብራት ግማሽ ቀን ሄዶ ሰርቨሩ ቢዘጋ መልእክቱ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። የሚያስፈራው ሰርቨሩ በርቶ፣ ኢንተርኔቱም እየሠራ፣ በተሳሳተ ቅንብር ምክንያት ለሁሉም ሰው በ5 የሚጀምር መልስ ሲሰጥ ነው። እንዲህ የተመለሰ መልእክት ሁለተኛ አይሞከርም።

በዚህ ምክንያት ቅሬታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው በፖስትፊክስ ዋና የቅንብር ፋይል ውስጥ «ሶፍት ባውንስ» የሚባለውን «የስ» ብዬ ፖስትፊክስን ሪሎድ ማድረግ (ቅንብሩን ዳግም እንዲያነብ ማድረግ) ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰርቨሩ በ5 ሊመልሰው የነበረውን ሁሉ በ4 ይመልሳል፤ ማለትም ጥፋቱን እስክናገኝ ድረስ ላኪዎቹ ወረፋ ይዘው ይጠብቁናል። ይህ ጊዜያዊ እርምጃ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በዚህ ሁኔታ ላይ እስካለ ድረስ የተሳሳተ አድራሻ የጻፈ ሰው ስህተቱን ቶሎ አያውቅም፤ ቆሻሻ መልእክት የሚልኩትም ደጋግመው ይመለሳሉ።

ላኪውን መጠየቅ፣ ሰዓቱን ማስላት

«ኢሜይል አልገባም» ከሚል ሰው ከማን፣ ወደ የትኛው አድራሻ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ይቀበሉ። ከተቻለ ደግሞ ላኪው የደረሰውን ተመላሽ መልእክት በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ያድርጉ። ተመላሹ ውስጥ የሚገኙት ቁጥሮች ብዙ ድካም ያስቀራሉ፦ 5.1.1 አድራሻው የለም፣ 5.2.2 ሳጥኑ ሞልቷል፣ 5.7.1 በሰርቨሩ ደንብ ተከልክሏል፣ 4.4.1 ደግሞ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ላኪው ምንም ተመላሽ አልደረሰኝም ካለም ይህ ራሱ መረጃ ነው፤ ወይ መልእክቱ አሁንም ወረፋ ላይ ነው፣ ወይ የሆነ ሰርቨር ተቀብሎታል።

ሰዓቱን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ዓርብ የኤክስፖርት ክፍል ኃላፊዋ ደውለው «ወንድሜ፣ ገዢው ትናንት በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ውሉን ልኬያለሁ ይላል፤ እኛ ጋ ግን ምንም የለም» አሉኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው ብዬ በሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ከ10 ሰዓት ግራና ቀኝ ያለውን አነበብኩ፤ ከገዢው የመጣ አንድም መስመር አልነበረም። መልእክቱ በራችንን አላንኳኳም ብዬ ደመደምኩና ግማሽ ቀን ዲኤንኤስን (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን ሥርዓት) እና ራውተሩን ስመረምር ዋልኩ። ሰርቨሩ ግን ሎጉን የሚጽፈው በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ነበር። ወደ 7 ሰዓት መለስ ብዬ ሳይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ መልእክቱ መጥቶ ነበር፣ የመለሰው የእኛው ሰርቨር ነው።

ሎጉ በዩቲሲ ከሆነ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ይደምሩ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 7፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 11 ይሆናል። በማታና በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ይደምሩ፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17 ነው። ሎጉ በአዲስ አበባ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ በቀን ሰዓት ላይ የሚደመረው 6 ነው። ቀኑም እንዲሁ ይሰላል፤ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተባለው መልእክት በሎጉ ላይ የሚገኘው በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ስር ነው። ከፍለጋው በፊት «ዴት» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ሰርቨሩ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሚል ማየት ከሁሉ ይቀድማል። መብራት በሚመላለስበት ቦታ ያለ አሮጌ ማሽን በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም በተነሣ ቁጥር ያለፈ ቀን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሎጉ ብቻ ሳይሆን የሰርተፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳየው ዲጂታል ሰነድ) ማረጋገጫውም ይበላሻል።

በራችንን ካላንኳኳ

በትክክለኛው ሰዓት የላኪው አድራሻ በሎጉ ላይ ከሌለ ምርመራው ከቢሮው ውጭ ይጀምራል። ፍለጋውን በአድራሻው እንጂ በአገናኙ ሰርቨር ስም አያድርጉ፤ ብዙ ድርጅቶች በጉግልና በማይክሮሶፍት በኩል ስለሚልኩ የሰርቨሩ ስም ከድርጅቱ ዶሜን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ ካለው ስም) ጋር ላይገናኝ ይችላል።

መጀመሪያ የዶሜኑ ዓመታዊ ክፍያ መከፈሉን ያረጋግጡ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍያው ያለፈበት ዶሜን ሰርቨሩ ምንም ሳይጎድለው ኢሜይሉን በሙሉ ያስቀራል። ቀጥሎ ዲግ በሚባለው መሣሪያ የዶሜኑን ኤምኤክስ ሪከርድ (ኢሜይሉን የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል የሚናገረውን መስመር) ይጠይቁ። መልሱ የሰርቨሩ ስም እንጂ አይፒ ቁጥር መሆን የለበትም፤ ያ ስም ደግሞ ወደ ትክክለኛው ስታቲክ አይፒ (የማይለዋወጥ የኢንተርኔት ቁጥር) ማመልከት አለበት። የዶሜኑ ሪከርዶች የሚሰፍሩበትን የዞን ፋይል በእጅ የሚጽፍ ሰው ከስሙ መጨረሻ ነጥብ ከረሳ የዶሜኑ ስም ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይወጣል። ሁለት ኤምኤክስ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ትንሽ ቁጥር ላለው ነው፤ ከድሮ ሰርቨር የቀረ ሪከርድ ካለ የተወሰነው መልእክት ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

ሪከርዱ ትክክል ከሆነ በሩ ክፍት መሆኑን ከውጭ መሞከር ያስፈልጋል። ከቢሮው ዋይፋይ የተደረገ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። ከሞባይል ዳታ የተደረገውም ቢሆን አያስተማምንም፤ ብዙ የሞባይል መስመሮች ወደ ፖርት 25 መውጣትን ስለሚከለክሉ የእኛ በር ክፍት ሆኖ ሳለ የተዘጋ ሊመስል ይችላል። የሚሻለው በሌላ ቦታ ካለ ሰርቨር በቴልኔት ወደ ፖርት 25 መግባት ነው፤ በ220 የሚጀምር መስመር ከመጣ በሩ ክፍት ነው። ካልመጣ በእኛ ሰርቨር ላይ የሚገባና የሚወጣውን የሚያሳየውን ቲሲፒዳምፕን በፖርት 25 ላይ ከፍተው ሙከራውን እንዲደግሙ ያድርጉ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ከታየና መልስ ካልወጣ ጥፋቱ በሰርቨሩ ፋየርዎል ነው፤ ጭራሽ ካልታየ ግን በራውተሩ ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከውጭ የመጣውን ወደ ሰርቨሩ በሚያስተላልፈው ቅንብር) ወይም በኢንተርኔት አቅራቢው በኩል ነው። ጥያቄው ታይቶ ወዲያው የሚገፋ ከሆነ ፖስትፊክስ ቆሟል፣ ወይም የሚያዳምጠው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ ከአቅራቢው ቴክኒሻን ጋር ስንነጋገር በግምት ሳይሆን በዓይን ያየነውን ይዘን እንድንነጋገር ያደርጋልና።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ግን አለ። ከሁሉም ሰው ኢሜይል እየገባ ከአንዳንድ ድርጅቶች፣ ወይም ከራስዎ ድረ ገጽ የመገናኛ ቅጽ ብቻ የማይገባ ከሆነ፣ ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ሆስቲንግ ይመልከቱ። ኢሜይሉ ቀድሞ እዚያ ከነበረ ያ ሰርቨር እስከ ዛሬ የዶሜኑ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ያምን ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያው የሚገኝ ደንበኛ ሁሉ ወደ እናንተ የሚልከውን ኤምኤክስ ሳይጠይቅ ማንም በማይከፍተው አሮጌ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሲፓነል (በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ የኢሜይል ሩቲንግ የሚለውን ከ«ሎካል» ወደ «ሪሞት» መቀየር ችግሩን ይፈታል። ከመቀየሩ በፊት ግን አሮጌውን ሳጥን ከፍተው የተጠራቀመውን ያውጡ።

አንኳኩቶ ከተመለሰ

አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው እዚህ ነው። ፖስትፊክስ ገና በር ላይ ሳለ የመለሰውን መልእክት በሎጉ ላይ «ኖኪው» እና «ሪጄክት» በሚሉ ቃላት ይመዘግበዋል፤ ከአጠገቡም የላኪው አይፒ፣ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ ኮዱና ምክንያቱ ይኖራሉ። መስመሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

የእኛው መስመር 554 ይልና የገዢው ሰርቨር በእገዳ ዝርዝር (ቆሻሻ መልእክት ላኪዎች በሚመዘገቡበት) ላይ እንዳለ ይናገር ነበር። ያ ገዢ ለዓመታት የጻፈልን ነው። ከዚያ በላይና በታች ያለውን ሳይ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሰርቨራችን የመለሰው እርሱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የእገዳ ዝርዝር የሚሠራው በዲኤንኤስ ነው፤ ሰርቨራችን የመጣውን አይፒ ገልብጦ ከዝርዝሩ ስም ጋር በማያያዝ ይጠይቃል፣ በ127 የሚጀምር መልስ ካገኘ ታግዷል ይላል፣ መልስ ከሌለ ያሳልፋል። የዝርዝሩ አዘጋጆች ግን ብዙ ሕዝብ በጋራ ከሚጠቀምባቸው ክፍት ዲኤንኤሶች የሚመጣውን ጥያቄ ላያስተናግዱ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ በዚህ ጊዜ በ127.255.255 የሚጀምር የስህተት መልስ ይሰጣሉ። ሰኞ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ተቃጥሎ በሌላ ተተካ። ሰርቨሩ ዲኤንኤስ የሚጠይቀው በራውተሩ በኩል ነበር፤ አዲሱ ራውተር ደግሞ ክፍት ዲኤንኤስ ተሞልቶበት ነበር። ፖስትፊክስም ያንን የስህተት መልስ «ታግዷል» ብሎ አነበበው።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ አንባውንድን የመሰለ የዲኤንኤስ ጠያቂ በራሱ በሰርቨሩ ላይ መጫንና ጥያቄውን ለሌላ ሳያስተላልፍ ራሱ እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ በፖስትፊክስ ቅንብር ከእገዳ ዝርዝሩ ስም ቀጥሎ የእኩል ምልክት አድርጎ የሚታመነውን መልስ መወሰን ነው፤ እኛ ለምንጠቀምበት ዝርዝር ይህ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያለው ነው። ሥራ ያቆመ ዝርዝርም ካለ ያውጡት፤ የተዘጋ ዝርዝር ለሁሉም ጥያቄ አዎን ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ከዚህ ሌላ በር ላይ የሚመልሱ የታወቁ ምክንያቶች አሉ። «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» የሚለው ፖስትፊክስ ዶሜኑን የራሱ መሆኑን አለማወቁን ያመለክታል፤ ዶሜኑ ከሚቀበላቸው ዶሜኖች ዝርዝር ውስጥ ወጥቷል፣ ወይም ዝርዝሩ የሚነበብበት ዳታቤዝ ቆሟል። «ዩዘር አንኖውን» ከሆነ ሳጥኑ ወይም ተለዋጭ ስሙ የለም፤ በፊደል አጻጻፍ የሚለያዩ የአማርኛ ስሞች እዚህ ላይ ብዙ ያስቸግራሉ፣ ስለዚህ ለአንድ ሰው በተለመዱት ሁለትና ሦስት አጻጻፎች ተለዋጭ ስም ማውጣት ጥሩ ነው።

552 ከሆነ መልእክቱ ከተፈቀደው መጠን በልጧል። ፖስትፊክስ ካልተቀየረ በስተቀር የሚቀበለው እስከ 10,240,000 ባይት ነው። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ከሲሶ በላይ ስለሚያብጥ 8 ሜጋባይት ስካን የተደረገ የጭነት ሰነድ ከዚህ ያልፋል። ገደቡን ሲያሳድጉ የሳጥኑም ገደብ ከእርሱ እንዳያንስ ይጠንቀቁ፤ ካነሰ ፖስትፊክስ ማድረሱን ጨርሶ ያቆማል። 452 ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ሞልቷል። ፖስትፊክስ የተፈቀደውን የመልእክት መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ካላገኘ አይቀበልም። የዲስኩ ቦታ ክፍት ሆኖ ሳለ የፋይል ቁጥሩ ሊያልቅም ይችላል፤ እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ፋይል በሚሆንበት የሳጥን ዓይነት ይህ ያጋጥማል፣ «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ የአይኖድ ምልክቱን ጨምሮ መስጠት ያሳየዋል።

ለማያውቀው ላኪ መጀመሪያ 450 የሚመልሰው ግሬይሊስቲንግ ደግሞ ጥፋት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ማዘግየት ነው። ሆኖም ትላልቅ አገልግሎቶች በየሙከራው አይፒ ስለሚለዋውጡ አንድ መልእክት ለሰዓታት ሊንገላታ ይችላል። በእኔ እምነት ንግድ ለሚሠራ ቢሮ አይመከርም።

ከገባ በኋላ ከጠፋ

በሎጉ ላይ የወረፋ መለያ (ፖስትፊክስ ለተቀበለው መልእክት የሚሰጠው ኮድ) ከታየ መልእክቱ ገብቷል፤ በዚያ መለያ ብቻ ፍለጋውን ይቀጥሉ። መጨረሻው «ስታተስ ዲፈርድ» ከሆነ ፖስትፊክስ ለዶቭኮት ማስረከብ አልቻለም፤ «ሜይልኪው» ሲባል ወረፋው ከነምክንያቱ ይወጣል። «ስታተስ ሴንት» ካለ ግን መልእክቱ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀሪው የተጠቃሚው በኩል ነው። የቆሻሻ ፎልደሩንና የማጣሪያ ደንቦቹን ከተመለከቱ በኋላ ሰርተፊኬቱን ይመልከቱ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነጻ አገልግሎት የሚሰጠው ሰርተፊኬት ዕድሜው አጭር ሲሆን፣ ፋይሉ ቢታደስም ዶቭኮት ሪሎድ ካልተደረገ አሮጌውን ማቅረቡን ይቀጥላል። ስልኩ በፖርት 993 መግባት ያቅተዋል፤ ባለቤቱም «ኢሜይል አልመጣም» ይላል።

በመጨረሻም ያ አድራሻ የተሞላባቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ይቁጠሩ። እኛ ጋ አንድ ጊዜ የሽያጭ ሳጥኑ ዘወትር ጠዋት ባዶ ይሆን ነበር። በዕቃ ክፍሉ ጥግ የተረሳ አሮጌ ኮምፒውተር በፖፕ3 መልእክቱን እያወረደ ከሰርቨሩ ላይ ይሰርዝ ኖሯል። ዶቭኮት ማን ከየትኛው አይፒ እንደገባ ስለሚመዘግብ ያገኘሁት በሎጉ ነው፤ የሳጥኑን የይለፍ ቃል ቀይሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረውን ሁሉ መልሼ አስገባሁ።

የተመለሱትን ማስመለስ

ጥገናው ካለቀ በኋላ በሌላ አገልግሎት ካለ አድራሻ መልእክት ልከው ሎጉን በቀጥታ እያዩ እስከ ሳጥኑ ድረስ ይከተሉት። በ4 የተመለሱት በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ። በ5 የተመለሱት ግን ካልተጠየቁ አይመጡም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ የ«ሪጄክት» መስመሮችን በሙሉ አውጥተው የላኪና የተቀባይ አድራሻቸውን ይዘርዝሩ፣ ቆሻሻ መሆኑ የሚታወቀውን ይቀንሱ፣ ቀሪውን ደንበኞቹን ለሚያውቅ ሰው ይስጡ። በዚያ ዓርብ አንድ ገጽ የሞላ ዝርዝር አትሜ ለኤክስፖርት ኃላፊዋ ሰጠሁ፤ እርሳቸውም በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ለእያንዳንዱ ደወሉ ወይም በዋትስአፕ ጻፉ። ገዢው ውሉን ድጋሚ ልኮ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲገባ በሎጉ ላይ 13 ሰዓት ይል ነበር። ሶፍት ባውንስን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።